በጌጥ ፍሬሳ ላይ የራውተር ጥልቀት፤ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

የአልጋ እግር፣ የደረጃ ዐምድ ወይም የአትሮንስ መቆሚያ ቦይ በቦይ ሆኖ ሲጠረብ፣ ወይም እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በመስመሮቹ ቅንነትና በዙሮቹ እኩልነት ላይ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ውበት የተንጠለጠለበት፣ ለተመልካች የማይታይ ለባለሙያው ግን ከሁሉ የሚከብድ አንድ ልክ አለ፤ እርሱም የሚቆርጠው ስለት ወደ እንጨቱ ምን ያህል እንዲገባ የሚወስነው የጥልቀት ልክ ነው። ስለዚህ ልክ አያሌ ባለሙያዎች አያሌ መላ ፈጥረዋል፤ መላዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየፊናቸው ስለሚነገሩ፣ የትኛው የትኛውን ሕጸጽ እንደሚፈውስ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የጌጥ ፍሬሳ የምንለው ማሽን በአሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። በቶርኖ ላይ እንደሚደረገው ሁሉ እንጨቱ በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ይያዛል፤ ከበላዩ ሁለት ትይዩ ሐዲዶች ይዘረጋሉ፤ በሐዲዶቹ ላይ ጋሪ ይሄዳል፤ በጋሪውም ላይ ራውተር አፉን ቁልቁል አድርጎ ይታሰራል። ቶርኖ እንጨቱን በኃይል እያሽከረከረ ስለቱን በእጅ ሲያስይዝ፣ ይህ ማሽን በተቃራኒው ስለቱን በደቂቃ ከ10,000 እስከ 25,000 በሚደርስ ዙር እያሽከረከረ እንጨቱን ወይ ያቆመዋል ወይ በዝግታ ያዞረዋል። የጋሪው ጉዞና የእንጨቱ ዙር በማርሽ ሲተሳሰሩ ጠመዝማዛ ዐምድ ይወጣል፤ እንጨቱ በመከፋፈያ ሳህን እየተቆለፈ ጋሪው ሲመላለስ ደግሞ ቀጥ ያሉ ቦዮች ይወጣሉ። በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት የተሠራው ሌጋሲ የተባለው ማሽን የዚህ ወገን ዋና አብነት ነው፤ ከእርሱም በፊት ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት በየቤታቸው ለሚሠሩ አናጺዎች ራውተር ክራፍተር በሚል ስም የሸጠው ትንሽ መሣሪያ፣ የራውተሩን ጉዞ ከእንጨቱ ዙር ጋር በገመድ ያስተሳስር ነበር።

እንግዲህ በዚህ ማሽን ላይ ሦስት እንቅስቃሴዎች አሉ፤ በርዝመት መጓዝ፣ በዙሪያ መዞር፣ ወደ ውስጥ መጥለቅ። ጉዞው ረጅም ብሎን አለው፤ ዙሩ የማርሽ ጥርስና የመከፋፈያ ሳህን አለው፤ ሁለቱም ሠሪው ቢደክመው ወይም ልቡ ቢበተን እንኳ ልካቸውን አይለቁም። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው ለራውተሩ ለራሱ ማስተካከያና ለሠሪው እጅ ተትቷል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄው ከራውተር ዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1701 መነኩሴው ሻርል ፕሉሚዬ የቶርኖን ጥበብ የሚያስረዳ መጽሐፉን በሊዮን ከተማ ባሳተመበት ዘመን፣ የዝሆን ጥርስንና ዞጲን በጌጥ ቶርኖ መቅረጽ በአውሮፓ መሳፍንት ዘንድ የተከበረ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ከስትራስቡርግ ተነሥቶ ለንደን ላይ የከተመው የሆልትዛፕፈል ቤተሰብ ጥበቡን ወደ ፍጻሜው አደረሰው፤ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1884 ባሉት ዓመታት በአምስት ቅጽ የወጣው የዚህ ቤተሰብ መጽሐፍም እስከ ዛሬ የሙያው ምስክር ነው። በእነዚህ ሰዎች ማሽን ላይ የስለቱ መያዣ እንዴት ወደ ሥራው ይገፋ እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል። መያዣው በማንሻ ዘንግ ይገፋል፤ ነገር ግን የሚያቆመው እጅ አይደለም። አንድ ብሎን የመጨረሻውን ጥልቀት ይገድባል፤ ሌላ ብሎን ደግሞ ስለቱ ወደዚያ ገደብ በአንድ ጊዜ እንዳይወረወር ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ይመራዋል። የዋናው ብሎን ጥርስ በአንድ ኢንች 10 ስለ ነበረ፣ አንድ ሙሉ ዙር 2.54 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ራሱም በክፍልፋይ የተጫረ በመሆኑ ሠሪው የኢንች መቶኛን ያለ ጭንቀት ያነብ ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ፣ የሚገድበው ሌላ ይሁን። ይህንን ሐሳብ የዘመናችን ማሽኖች ብዙዎቹ ረስተውታል፤ ከታች የምንጠቅሳቸው መሻሻሎች ከፊሎቹም በእውነቱ ይህንኑ መልሶ ማግኘት ናቸው።

ራውተር የተወለደው ለጠፍጣፋ ሳንቃ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ራውተር በገበያ ሲወጣ፣ ከዚያም ስለቱ በሁለት ምሰሶ ላይ ወርዶ የሚጠልቀው ዓይነት በጀርመን ሲሠራ፣ የሁሉም መሠረት አንድ ነበር፤ ክቡ የራውተር ወለል በሳንቃው ፊት ላይ ይቀመጣል፣ ጥልቀትም ከዚያ ፊት ወደ ታች ይቈጠራል። ይህ ለሳንቃ ፍጹም ነው። በጌጥ ፍሬሳ ላይ ግን ራውተሩ ከእንጨቱ ፊት ተለይቶ በአየር ላይ በጋሪ ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ የሚያርፍበት ሳንቃ የለም፤ ከበታቹ ያለውም የማይዋሽ ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ፣ ያውም ገና ክብነቱ ያልተረጋገጠ እንጨት ነው። ስለዚህ በዚህ ማሽን ላይ ጥልቀት የሚለካው ከእንጨቱ ቆዳ ሳይሆን በሁለቱ ሹል ጫፎች መካከል ከተዘረጋው የማእከል መስመር ነው፤ ይህን ያልተቀበለ መሻሻል ሁሉ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ፣ ሕጸጹን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው።

ጥልቀት ጥቂት ቢዛነፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቍጥር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ግማሽ ሚሊሜትር ለእንጨት ሥራ ከንቱ ነገር ነው የሚል አነጋገር በየሥራ ቤቱ ይሰማልና። ጫፉ 90 ዲግሪ በሆነ ሹል ፑንታ የተቆረጠ ቦይ ስፋቱ የጥልቀቱ እጥፍ ነው፤ እንግዲህ ጥልቀቱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢጨምር የቦዩ አፍ በአንድ ሙሉ ሚሊሜትር ይሰፋል። ጫፉ 60 ዲግሪ ሲሆን የሚሰፋው በ0.58 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ኢንች ስፋት ባለው ክብ ጫፍ ፑንታ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 6.8 ሚሊሜትር ያህል ሲሰፋ፣ አንድ ሚሊሜትር ተኩል የጠለቀው 8.2 ይሰፋል፤ ወደ ሙሉ ጥልቀቱ ሲቃረብ ግን የስፋቱ ለውጥ ይቀንሳል። ዓይን ጥልቀትን አይለካም፤ ስፋትን ግን ይለካል፤ በተለይም ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው የቀረው ጠርዝ ሲቀጥንና ሲወፍር ማንም ሰው፣ ሙያውን የማያውቅ ጭምር፣ አንድ ነገር እንደ ተጣመመ ይሰማዋል። መሐሉ ክፍት በሆነው ጠመዝማዛ ዐምድ ላይ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ዐምዱ አስቀድሞ በእምብርቱ ይበሳል፤ ውፍረቱ 80 ሚሊሜትር፣ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ስለቱ ቀዳዳውን ለማግኘት 27.5 ሚሊሜትር መጥለቅ አለበት፤ ግማሽ ሚሊሜትር ቢጎድለው ስስ ቆዳ ይቀራል፤ ያም ቆዳ በቢላ ሲነቀል የጠመዝማዛውን ውስጣዊ ጠርዝ ይዞ ይገነጠላል።

አሁን ወደ ሕጸጾቹ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም በራውተሩ የሚላከከው፣ የእንጨቱ የራሱ ጥፋት ነው። አንድ ሠሪ ዐሥራ ሁለት ቦይ ያለው ዐምድ ቆርጦ ሲጨርስ፣ በአንድ ወገን ያሉት ሦስት አራት ቦዮች ሰፊ፣ በተቃራኒው ወገን ያሉት ጠባብ፣ በመካከል ያሉት ደግሞ ልከኛ ሆነው ቢያገኛቸው፣ ራውተሩ ሸርተት ብሎብኛል ብሎ ማጥበቂያውን ይመረምራል። ራውተር ግን ሲሸራተት በሥርዓት ሄዶ በሥርዓት አይመለስም። እንዲህ በዙሪያው የሚያድግና የሚያንስ ስፋት የሚመጣው የእንጨቱ ክብ ከማእከሉ መስመር ጎን ሲወጣ ነው። ክቡ በግማሽ ሚሊሜትር ቢወጣ፣ አንዱ ወገን ግማሽ ሚሊሜትር ይጠልቃል፣ ሌላው በዚያው ልክ ይጎድላል፤ በ90 ዲግሪው ፑንታ 5 ሚሊሜትር እንዲጠልቅ የታሰበው ቦይ በአንድ ወገን 11፣ በሌላው 9 ሚሊሜትር ሆኖ ይሰፋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንጨቱን በሌላ ቶርኖ ላይ አክብቦ ወደ ፍሬሳው ከማምጣት ይልቅ፣ በዚያው ፍሬሳ ላይ፣ በእነዚያው ሹል ጫፎች መካከል እንደ ተያዘ፣ በራውተሩ ሰፊ ፑንታ ማክበብና ሥራው እስኪያልቅ ከቦታው አለማንሣት ነው። እንጨት ከጫፎቹ ተነሥቶ ዳግመኛ ሲገባ፣ በዚያው ጉድጓድ ቢገባም፣ ሹሉ ለስላሳውን ወገን ገፍቶ ማእከሉን ያዛውራል።

ሁለተኛው የሐዲዱ ነገር ነው። ሐዲዶቹ ከማእከሉ መስመር ጋር ትይዩ ካልሆኑ፣ በአንድ ጫፍ የጠለቀው ቦይ በሌላው ጫፍ ይሳሳል፤ ሐዲዱ በመካከሉ ከጎበጠ ደግሞ ጥልቀቱ በመካከል ይበዛል። ይህን ለማወቅ ቀጥ ያለና ተሞርዶ የተስተካከለ የብረት ዘንግ በጫፎቹ መካከል ይታሰራል፤ ዳያል ጌጅ በራውተሩ ቦታ ላይ ይያዝና ጣቱ በዘንጉ አናት ላይ አርፎ ጋሪው ከዳር እስከ ዳር ይነዳል። መርፌው በጉዞው ሁሉ ከአንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር በላይ ካልተነቃነቀ፣ ለእንጨት ሥራ ሐዲዱ ቅን ነው፤ በአንድ ወገን እየጨመረ ከሄደ የሐዲዱ እግር ይስተካከላል፤ ወጣ ገባ እያለ ከዘለለ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በሐዲዱ ላይ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ ስል ጥቂት ነገር እንዳይመስል፤ ከሙጫማ እንጨት የወጣው በጋሪው ኩሽኔታ ሥር ተጨፍልቆ ሲደርቅ ጋሪውን በሚታይ ልክ ያነሣዋል፤ ስለዚህም ከየኩሽኔታው ፊት ጠራጊ ብሩሽ ማሰር ከብዙ ውድ ዕቃ የሚበልጥ መሻሻል ነው።

ሐዲዱ ቅን ሆኖ እንጨቱ ራሱ ሊጎብጥ ይችላል። የዘንግ መጉበጥ ሕግ ርዝመትን በሦስተኛ ደረጃ፣ ውፍረትን በአራተኛ ደረጃ ይቆጥራል፤ በሌላ አነጋገር ርዝመቱ እጥፍ የሆነ እንጨት በዚያው ኃይል ስምንት እጥፍ ይጎብጣል፣ ውፍረቱ እጥፍ የሆነው ግን መጉበጡ ከዐሥራ ስድስት አንድ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭንና ረጅም የአልጋ ዐምድ በመካከሉ ከፑንታው ይሸሻል፤ ቦዩም በሁለቱ ዳር ጠልቆ በመካከል ይሳሳል፤ ይህም ከላይ ካልነው ከጎበጠው ሐዲድ ምልክት ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። መድኃኒቱ ከሥሩ የሚደግፈው የመሐል ደጋፊ ነው፤ ደጋፊው ግን እንጨቱ ከተከበበ በኋላ ልኩን ይዞ መቀመጥ አለበት፤ አስቀድሞ የተገፋ ደጋፊ እንጨቱን አጉብጦ አዲስ ሕጸጽ ይፈጥራል። ይኸው ሕግ ለፑንታውም ይሠራል፤ ከመያዣው የወጣው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር መዘንበሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ረጅም ፑንታ የግድ ካልሆነ አይመረጥም።

ሦስተኛው ራውተሩ ነው። ፑንታውን አንቆ የሚይዘው ኮሌት ሙጫና ብናኝ ከያዘው አጥብቆ አይይዝም፤ በተለይ ጠመዝማዛ ስለት ያለውና ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣው ፑንታ፣ እንጨቱ ራሱን ወደ ታች ስለሚስበው፣ ከኮሌቱ ጥቂት በጥቂት እየወጣ የሠሪውን ልክ ሳያስታውቅ ያጠልቀዋል። የመጀመሪያው ቦይ ልከኛ፣ የመጨረሻው ጥልቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ይህ ይጠረጠር። ኮሌቱን ማጽዳት፣ ካረጀም መለወጥ፣ የፑንታውን እግር እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር መልሶ አውጥቶ ማጥበቅ፣ ሁሉም ሙያተኛ የሚያውቀው ሁሉም ሙያተኛ የሚዘነጋው ሥርዓት ነው። ከዚህ ሌላ የራውተሩ ማጥበቂያ ሲጠብቅ ልኩን የሚያዛውር ብዙ ነው፤ ሠሪው ልኩን አስተካክሎ ያጠብቃል፣ ሲያጠብቅ ራውተሩ በጥቂቱ ይዘምማል። ስለዚህ ልክ መነበብ ያለበት ከመጥበቁ በፊት ሳይሆን ከጠበቀ በኋላ ነው። ሞላ ያለው ጠላቂ ራውተር ደግሞ በጋሪ ላይ ሲታሰር ሞላው ወደ ላይ ስለሚገፋ ክብደቱና ሞላው ይታገላሉ፤ ብዙዎች ሞላውን አውጥተው ራውተሩን በአንድ ቋሚ ልክ አስረው፣ ጥልቀቱን ግን ራውተሩን በሙሉ በሚያነሣና በሚያወርድ ሌላ ተንሸራታች አካል ላይ ያደርጉታል። እኔም ከሁሉ የተሻለ መሠረት ይህ ነው እላለሁ፤ የራውተሩ ማስተካከያ የተሠራበት ዓላማ ሌላ ስለሆነ፣ ከአገልግሎቱ ማሳረፍ እንጂ ያለ ጠባዩ ማስገደድ አያስፈልግም።

በዚህ ተንሸራታች አካል ላይ የሚሠራው ብሎን ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አንደኛው ዙሩ ስንት እንደሚወርድ፣ ሁለተኛው በዳዶው ውስጥ ስንት ልቅነት እንዳለው። በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ያለው ብሎን በአንድ ዙር 1.59 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ ዙሩ 2 ሚሊሜትር የሆነው፣ መያዣ ጎማው በመቶ ከተከፈለ፣ አንዱ ክፍል ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ለእንጨት ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ልቅነቱን በተመለከተ፣ ራውተሩ ቁልቁል ስለተንጠለጠለ ክብደቱ ራሱ ዳዶውን በአንድ የጥርስ ወገን ላይ ያሳርፈዋል፤ ስለዚህ ልክ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ቢያዝ፣ ያለፈም ቢኖር ከልኩ በላይ ተነሥቶ እንደገና ወደ ታች ቢመለስ፣ ልቅነት ያለው ብሎን እንኳ ታማኝ ይሆናል። ክብደቱን ለማቅለል ጠንካራ ሞላ ወይም ሚዛን የሚያስሩ ሰዎች ግን ይህን ጸጋ ያጠፉታል፤ ሞላው ከክብደቱ ጋር ሲተካከል ራውተሩ በልቅነቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላል፤ ስለዚህ ማቅለያ ቢታሰር ክብደቱ ምንጊዜም አሸናፊ ሆኖ ይቅር።

ብሎኑ ጥሩ ከሆነ በኋላ የሆልትዛፕፈል ሰዎች ሐሳብ እንደገና ይመለሳል፤ ገደብ ያስፈልጋል። የራውተር ጥልቀት በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ስምንት ሚሊሜትር የሚጠልቅ ቦይ ሦስት ወይም አራት ማለፊያ ይጠይቃል፤ የመጨረሻውም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሚልጥ ቀላል ማለፊያ ቢሆን የስለቱ ግፊት ስለሚያንስ መጉበጡም መዘንበሉም ያንሳል። እንግዲህ በዐሥራ ሁለት ቦይ አራት ማለፊያ ማለት አርባ ስምንት ጊዜ ልክ መያዝ ነው፤ እያንዳንዱ በዓይን ከተነበበ አንዱ መሳቱ አይቀርም። በዚህ ስፍራ በጣም የሚያስመሰግነው መሻሻል ከሁሉ የሚረክሰው ነው፤ በጋሪው ላይ አንድ የማይነቃነቅ መቆሚያ፣ በራውተሩ መያዣ ላይ አንድ ጣት፣ በመካከላቸውም ውፍረታቸው የታወቀ የናስ ወይም የብረት ቁራጮች። ቁራጭ ሲወጣ ራውተሩ በዚያው ውፍረት ልክ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ሲወጣ ጣቱ መቆሚያውን ነክቶ ይቆማል፤ ንባብ የለም፣ ግምት የለም። ደረጃ ያለው ዟሪ መቆሚያም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይፈቱ ግን በሁለት ዳዶ መቆለፍ አለባቸው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም ከስለቱ ጎን በእንጨቱ ቆዳ ላይ የሚሄድ ጫማ ወይም ጎማ አስሮ ጥልቀቱን ከቆዳው እንዲለካ የሚያደርግ ነው። ከላይ ካቆምኩት ሐሳብ ጋር ቢጋጭም ይህን መላ ማናናቅ ትክክል አይደለም። እንጨቱ ክብ ካልሆነ፣ ወይም ቅርጹ በጉብታና በጎድጓዳ የተሞላ ሆኖ በላዩ ስስ መስመር ብቻ የሚጫር ከሆነ፣ ዓይን የሚጠብቀው ከቆዳው እኩል የጠለቀ መስመር ስለሆነ ጫማው ይሻላል። ነገር ግን ጫማው እንጨቱን ይጫነዋል፣ ለስላሳ እንጨት ላይ ይሸረክታል፣ ቀድሞ የተቆረጠ ቦይ ላይ ሲደርስም ይወድቃል። ስለዚህ ለቀላል ጭረት ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ለጥልቅ ቦይና ለጠመዝማዛ አይሆንም።

ቅርጹን ከፎርማ የሚቀዳው መላ ደግሞ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1819 ቶማስ ብላንቻርድ በማሳቹሴትስ የጠብመንጃ ሰደፍ የሚቀርጸውን ማሽን ሲያወጣ፣ በብረት አብነቱ ላይ የሚዳስሰው ጎማና እንጨቱን የሚቆርጠው ጎማ ስፋታቸው እኩል ነበር፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳሳሹ ሹል፣ ቆራጩ ክብ ቢሆን፣ ፎርማው ላይ ያለ ጎድጓዳ በእንጨቱ ላይ ከመጠን በላይ ይሰፋል፣ ጉብታው ይቀጥናል። ዛሬ በጌጥ ፍሬሳ ላይ ከፎርማ የሚቀዱ ሠሪዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዳሳሽ ለሁሉ ፑንታ ይጠቀማሉ፤ ቅርጹ ሳይመስል ሲቀር ፎርማውን ይሞርዱታል። ይልቅስ ለየፑንታው መልኩን የመሰለ ዳሳሽ ማዘጋጀት ይሻላል። ሌላው የዚህ መላ ወሰን የፎርማው ዳገት ነው፤ ዳገቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲቆም ዳሳሹ ከመውጣት ይልቅ ይጋደማል፣ ጋሪውም ይነክሳል።

በመጨረሻ የሚመጣው በኮምፒዩተር የሚታዘዘው ሞተር ነው። በአንድ ዙር 200 እርምጃ የሚሄድ ሞተር፣ ዙሩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ብሎን ጋር ሲጋጠም፣ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ነው፤ ጉዞውንና ዙሩንም አብሮ ስለሚያዝ ጥልቀት በየስፍራው የሚለዋወጥበት፣ በእጅ የማይሞከር ጌጥ ይወጣል። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን ተራው ሞተር የሚያውቀው የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አይደለም፤ እርምጃ ቢስት አያውቀውም፤ ከማእከል የወጣውን እንጨት፣ የተዘነጋውን ኮሌት፣ የጎበጠውን ቀጭን ዐምድ ሁሉ እንደ ነበሩ ይቀበላቸዋል። ከላይ የተባሉት ሳይስተካከሉ ሞተር የገዛ ሠሪ ስሕተቱን በብዙ ብር አፋጥኖ ይደግመዋል። ለእርሱ ከመሮጥ በፊት ርካሽ የሆነውን የዲጂታል መለኪያ በጋሪው ላይ ማሰር ይበጃል፤ በማሰሩም ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1890 በጀርመን የና ከተማ ኤርንስት አቤ የጻፈው ሥርዓት ይታሰብ፤ መለኪያው ከሚለካው መስመር ጋር በአንድ መስመር ላይ ይሁን የሚለው ነው። መለኪያው ከፑንታው ርቆ በጋሪው ዳር ከታሰረ፣ የራውተሩ መያዣ ጥቂት ሲዘምም ፑንታው ተነሥቶ ሳለ መለኪያው አልተነሣም ይላል።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ልጨምር። ለአገራችን አንባቢ የሚታወቁት እንጨቶች ለዚህ ልክ እኩል አይታዘዙም፤ ዝግባ ወጥ ስለሆነ ስለቱን በሰላም ይቀበላል፤ ዋንዛ ለስላሳና የተረጋጋ ነው፤ ጽድ በአንጓው ላይ ስለቱን ያስዘልለዋል፣ ጠርዙም ይሰበራል፤ ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ማለፊያዎቹ መብዛትና መሳሳት አለባቸው። ሁሉም ግን እርጥበት ሲወጣ ይቀጥናሉ። በብዙ እንጨት ዘንድ እርጥበቱ በመቶ አንድ ሲቀንስ ስፋቱ በዓመታዊ ቀለበቶቹ አቅጣጫ ሩብ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 100 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዐምድ እርጥበቱ በመቶ አራት ቢቀንስ ወደ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይቀጥናል፤ በሁሉም ወገን እኩል ስለማይቀንስም ክቡ ይጠፋል። ዛሬ ተከብቦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦይ የሚቆረጥበት ዐምድ ስለዚህ አስቀድሞ በመጠኑ ወፍራም ሆኖ ይተውና በመጨረሻው ቀን እንደገና ይከበባል።

የማእከሉን መስመር እንዴት እንደምናገኘው ሳንናገር እንዳናልፍ። ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በጫፎቹ መካከል ይታሰር፤ ራውተሩ ከኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ውፍረቱ አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር የሆነ ወረቀት በዘንጉ አናት ላይ ተዘርግቶ፣ ፑንታው ወረቀቱን ይዞ መንቀሳቀስ እስኪከለክለው ድረስ ይውረድ። በዚያን ጊዜ የፑንታው ጫፍ ከማእከሉ መስመር 12.6 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ መለኪያው ላይ የሚጻፈውም ይኸው ቍጥር ነው። ፑንታው ከዘንጉ አናት አንድ ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢያልፍ እንኳ በዚህ ውፍረት ላይ የሚመጣው ስሕተት አራት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥርዓት በማንም እጅ ታማኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ፑንታ በተለወጠ ቍጥር ይኸው ይደገማል፤ የሚነበበው ሁሉም ከማእከሉ ያለው ርቀት ይሆናል፤ የቦይ ጥልቀት ማለት የዐምዱ ግማሽ ውፍረት ሲቀነስ ይህ ርቀት ነው።

የዚህ አቆጣጠር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ወደ ላይ እየቀጠነ በሚሄድ ዐምድ ላይ ነው። ከታች 80፣ ከላይ 60 ሚሊሜትር የሆነ ዐምድ ዐሥራ ሁለት ቦይ ቢቆረጥበት፣ በቦይና በቦይ መካከል ያለው ርቀት ከታች 20.9፣ ከላይ 15.7 ሚሊሜትር ነው፤ ቦዮቹ ከዐምዱ ጋር አብረው ካልጠበቡ ከላይ ተጣብቀው ይታያሉ። ሐዲዱን ከዐምዱ ቆዳ ጋር ትይዩ አድርጎ ማዘንበል ጥልቀቱን እኩል ስለሚያደርገው ይህን አያስተካክለውም። በ90 ዲግሪው ፑንታ፣ ገጹን ጠፍጣፋ እንደሆነ ብንቆጥረው፣ ከታች 5 ሚሊሜትር የጠለቀ ቦይ 10 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ከላይ በዚያው መጠን ጠቦ 7.5 ሚሊሜትር እንዲሆን ጥልቀቱ 3.75 መሆን አለበት። ስለዚህ የቦዩ ወለል ከማእከሉ መስመር ከታች 35፣ ከላይ 26.25 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ሐዲዱም በቆዳው ልክ 10 ሚሊሜትር ሳይሆን 8.75 ሚሊሜትር ብቻ ይዘንበል።